ስለ ደም፣ ስለ ዘረመልና ስለ ቆዳ ቀለም፦ ለአማርኛ ፊልም ሠሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለአማርኛ ፊልም ጸሐፊዎች፣ ዳይሬክተሮችና ፕሮዲውሰሮች
በአገር ቤትም በውጭም ላላችሁ

ጉዳዩ፦ በሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ውስጥ የዘረመል መድልዎ አጻጻፍን ይመለከታል

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣

ስለ ዘረመል መድልዎ ፊልም ሊጽፍ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ፊልም ነው፤ አንድሩ ኒኮል ጽፎ ያዘጋጀውና በ1997 ለእይታ የበቃው ጋታካ። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት፣ ካላመለከትን በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ይህ ይገባዋል። ጄኔቲክስ በሚሰጥባቸው ክፍሎች እስከ ዛሬ ለተማሪ ይታያል። ታሪኩ ልጆች ከመወለዳቸው በፊት በዘረመል በሚመረጡበት ዓለም ሳይመረጥ ስለተወለደው ቪንሰንት ነው፤ ወደ ጠፈር ለመብረር የሌላ ሰው ማንነት ይዋሳል። ይህን የምንጽፍላችሁ ከዘረመል ላቦራቶሪና ከፊልም ጽሑፍ ሥራ የተገናኘን ሰዎችም ፊልሙን የምንወድ ነን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ከእሱ እንዳትቀዱ ብቻ ነው፦ ወደፊት መድልዎ ከቆዳ ቀለም ተላቅቆ ወደ ዘረመል ይሻገራል የሚለውን ሐሳብ።

ይህን ሐሳብ ፊልሙ ውስጥ የተሸከሙት ሁለት ንግግሮች ናቸው። አንደኛው የዋናው ገጸ ባሕርይ የቪንሰንት ነው። አዲሱ የበታች መደብ በኑሮ ደረጃ ወይም በቆዳ ቀለም መለየቱ ቀርቷል፣ አድልዎ ራሱ ሳይንስ ሆኗል ይለናል። ሁለተኛው ማንነት የሚነግደው ደላላ የሚናገረው ነው፦ ደም ዜግነት የለውም። ሲሰሟቸው ያምራሉ። ከተፈጸመው ታሪክ ጎን ሲቀመጡ ግን አንዳቸውም አይጸኑም።

ዳይሬክተሩ ራሱ ይህን የጠረጠረ ይመስለናል። ወላጆቹ ሁለተኛ ልጃቸውን ለማስመረጥ ሐኪሙ ዘንድ የሚቀርቡበትን ትዕይንት መልሳችሁ እዩት። ሐኪሙን የሚጫወተው ጥቁር አሜሪካዊው ብሌር አንደርዉድ ነው። ያዘዙትን መልሶ ያነብብላቸዋል፦ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ዓይን፣ ጥቁር ፀጉር፤ ከዚያ ፈገግ ይልና ነጣ ያለ ቆዳ ይላል። ወላጆቹ ምንም አይሉም። ካሜራውም እዚያ ላይ አይቆይም፣ ወደ ሌላው ወሬ ያልፋል። ጥቁር ባለሙያ ለነጭ ደንበኛ ነጭ ልጅ እየመረጠ ነው፤ እሱን የሚመስል ልጅ ይሁንልኝ ብሎ ወደዚያ ክሊኒክ የሚመጣ ደንበኛ ስንት ይሆን? ፊልሙ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶት ሄዷል። እናንተ ግቡበት ነው የምንለው።

ከገባችሁ መጀመሪያ የምታገኙት ሲክል ሴል የሚባለውን የደም ሕመም ነው። ቪንሰንት ወደ ሳተርን ጨረቃ ወደ ታይታን እንዳይበር ያገደው ገና ሲወለድ ከደሙ የተነበበ ትንበያ ነው። ይህ ፊልሙ ከመወጠኑ በፊት በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ተፈጽሟል። እስከ 1981 ድረስ አካዳሚው የሲክል ሴል ተሸካሚ የሆነን ወጣት አይቀበልም ነበር። ተሸካሚ ማለት ደግሞ ሕመምተኛ ማለት አይደለም። ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ነው። ቤታ የሚባለውን ክፍሉን በሚሠራው ዘረመል ላይ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ትለወጣለች፤ ጂኤጂ የነበረው ጂቲጂ ይሆናል፤ በዚህም ስድስተኛው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲኑ መገንቢያ)፣ ግሉታሚክ አሲድ የነበረው፣ በቫሊን ይተካል። ይህን ቅጂ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ይታመማል። ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ ተሸካሚ ነው፣ በአብዛኛውም ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከ12 ወይም ከ13 ሰው አንዱ ተሸካሚ ነው። በ1970 አንድ የሕክምና መጽሔት ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ብሊስ በመሠረታዊ ሥልጠና ላይ ሳሉ ስለሞቱ 4 ጥቁር ወታደሮች ዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄው ወደ ክልከላ ተለወጠ። ጤነኛ ወጣት በአንዲት ፊደል ምክንያት ከአውሮፕላን ራቀ። ፊደሏም የማን እንደሆነች ማንም አልጠፋውም ነበር።

ለካሜራ የሚመች ዕቃ ከፈለጋችሁ የዚያ ዘመን መመርመሪያ ይኸውላችሁ። በትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ 2 ሚሊ ሊትር የሚያህል ፈሳሽ አለ፤ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል፣ ኦክስጅናቸውንም ይነጥቃል። 20 ማይክሮ ሊትር ደም ይጨመርበታል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ከቱቦው ኋላ ጥቁር መስመሮች ያሉት ካርድ ይያዛል። መስመሮቹ በፈሳሹ ውስጥ ከታዩ ሰውየው ነጻ ነው። ፈሳሹ ደፍርሶ ከሸፈናቸው ፖዘቲቭ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ድፍርሱ ተሸካሚውን ከሕመምተኛው አይለይም። ለመለየት ሄሞግሎቢኑን በኤሌክትሪክ መስክ የሚያስሮጥ ሁለተኛ ምርመራ፣ ኤሌክትሮፎረሲስ፣ ያስፈልጋል። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ የፅንስ ሄሞግሎቢኑ ገና ስላልወጣ በዚህ ቱቦ ላይ መተማመን አይቻልም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በርካታ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ምርመራውን በሕግ አስገደዱ፤ አንዱ ለትምህርት ቤት መግቢያ፣ ሌላው ለጋብቻ ፈቃድ። ሁለተኛው ምርመራና ምክር በቅጡ ባልተሟላበት ሁኔታ ጤነኞች ታማችኋል ተብለው ወጡ፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ተወደደባቸው፣ ከሥራም ተመለሱ። የ1972ቱ የፌዴራል ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄደው ምርመራ በፈቃደኝነት ይሁን ብሎ ደነገገ። አንዲት ቱቦ፣ ከኋላዋ የተያዘ ካርድ፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ የ18 ዓመት ልጅ፤ ለዚህ ትዕይንት የኮምፒውተር ግራፊክስ አያስፈልግም።

ዘረመሉ የቆዳ ቀለምን ተከትሎ የሚሄድ ደግሞ አይደለም። የሚከተለው ወባን ነው። ተሸካሚ መሆን ከከባድ ወባ ስለሚጠብቅ፣ ወባ በነገሠበት ግሪክም፣ ሕንድም፣ ምሥራቅ ሳዑዲ ዐረቢያም ይገኛል፤ በደጋው ኢትዮጵያ ግን ብርቅ ነው። በቆዳው ብቻ ታይቶ ለምርመራ የሚሰለፍ የደጋ ልጅና ሳይጠየቅ የሚያልፍ የግሪክ ልጅ በአንድ ሰልፍ ቢገናኙ፣ ጋታካ ሊጽፈው ያልቻለው ትዕይንት ተጻፈ ማለት ነው።

ይህ የ1970ዎቹ ነገር ነው፣ አልፏል የሚል ካለ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ሠራተኞች በ1995 ያቀረቡትን ክስ ይመልከት። ለሥራ በሰጡት ደምና ሽንት ላይ ሳይነገራቸው የቂጥኝ ምርመራ ተደርጓል፣ የሴቶቹ ለእርግዝና ታይቷል፣ የጥቁሮቹ ደግሞ ለሲክል ሴል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱ ይቀጥል ያለው በ1998 ነው። ጋታካ ሲኒማ ቤት ሲገባ መዝገቡ ገና ክፍት ነበር።

አሁን ወደ ደላላው ንግግር እንምጣ። በ2009 የእንግሊዝ የድንበር ኤጀንሲ ደም ዜግነት አለው ብሎ የሙከራ ፕሮግራም ጀመረ። ተመርማሪዎቹ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች፣ በተለይ ሶማሊያዊ ነኝ የሚሉ ነበሩ። ከአፍ ውስጥ ለዲኤንኤ ናሙና፣ ከፀጉርና ከጥፍር ደግሞ ለአይሶቶፕ ምርመራ፣ ማለትም ምግብና ውኃ በሰውነት ላይ የሚተዉትን አሻራ ለማንበብ፣ ይወሰድ ነበር። የዘርፉ ሳይንቲስቶች ወዲያው ተቃወሙት፤ ምክንያታቸውም ቀላል ነው። ሶማሌ በሶማሊያም፣ በኢትዮጵያም፣ በኬንያም፣ በጂቡቲም ይኖራል፤ ድንበሩን ያሰመረው ሰው ዲኤንኤው ላይ አላሰመረም። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ 6 ሴንቲ ሜትር ፀጉር የሚነግራችሁ ባለቤቱ ባለፉት 6 ወራት ምን ውኃ እንደጠጣና ምን እንደበላ ነው። አንድ ዓመት ካምፕ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ የቆየ ሰው ፀጉሩ የትውልድ መንደሩን ሳይሆን ካምፑን ይናገራል። ፕሮግራሙ ከሙከራ አላለፈም። አንድ መርማሪ መኮንን የጥፍር ቁራጭ በፖስታ አሽጎ ላይዋ ላይ «ዜግነት» ብሎ ሲጽፍ የሚያሳይ አንድ ሾት ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ ሰው ቅርብ የሆነው የናይሮቢው ጉዳይ ነው። በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ቤተሰባቸውን ተከትለው ለመሄድ ያመለከቱ ስደተኞችን ናይሮቢ ላይ በዲኤንኤ መፈተን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ማመልከቻዎች ላይ የተጻፈው ዝምድና በምርመራው ሳይረጋገጥ ቀረና ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ቆመ። በ2012 ሲመለስ ለወላጅና ልጅ ዝምድና የዲኤንኤ ማስረጃ ግዴታ ሆነ። ከማመልከቻዎቹ መካከል ማጭበርበር እንደነበረ አንክድም። ነገር ግን የሟች እኅቷን ልጅ ጡት አጥብታ ያሳደገች ሴት ልጄ ነው ስትል አልዋሸችም፤ ማሽኑ ደግሞ አይደለም ሲል አልተሳሳተም። ድራማው በእነዚህ ሁለት እውነቶች መካከል ነው ያለው። ለዚህ ታሪክ 2100 ዓ.ም. መጠበቅም አያሻም።

እንዲህ ያለ ትዕይንት ስትጽፉ ምርመራው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለዩ። ለዝምድና ምርመራ በተለምዶ ወደ 20 የሚጠጉ የዲኤንኤ ቦታዎች ይነጻጸራሉ። ልጅ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይይዛል፤ ስለዚህ ወላጅነትን ማረጋገጥ ቀላል ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አለመግጠም ግን ወላጅ አይደለም አያሰኝም። ሚውቴሽን፣ ማለትም ዲኤንኤው ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የተፈጠረ ለውጥ፣ ሊሆን ይችላል፤ ላቦራቶሪዎች አይደለም ከማለታቸው በፊት ብዙውን ጊዜ ከሁለት በላይ ቦታዎች እንዳይገጥሙ ይጠብቃሉ። ወንድምና እኅት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቦታ ላይ ምንም ሳይጋሩ ሊወለዱ ይችላሉ፤ የሚገኘውም ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሆን ዕድል ነው። በእናት ወይም በአባት ብቻ የሚገናኙ ከሆነ፣ ወላጅም ከሌለ፣ ውጤቱ በተደጋጋሚ አልታወቀም ይሆናል። በፊልም ውስጥ «አልታወቀም» የሚል ውጤት ብዙ ጊዜ አናይም። ለተዋናይ ግን እንደሱ ያለ ዕድል የለም።

የናሙና አወሳሰዱንም አታበላሹት። ናሙና ሰጪው ከመብላቱ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ አፍ በውኃ ይታጠባል፣ የጉንጭ ውስጠኛው ክፍል በጥጥ ዘንግ እያሽከረከሩ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይታሻል። ምራቅ መንካት ብቻ አይበቃም፤ የሚፈለገው ከጉንጩ የሚላቀቀው ሴል ነው። ዘንጉ አየር ላይ ይደርቅና በወረቀት ፖስታ ይታሸጋል። ፊልሞች ፕላስቲክ ከረጢት ይወዳሉ፣ ስለሚያብለጨልጭ ይሆናል፤ እርጥብ ናሙና በፕላስቲክ ውስጥ ግን ሻጋታ ያወጣል፣ ዲኤንኤውም ይበጣጠሳል። ከዚያ ዲኤንኤው ከሴሉ ይወጣል፣ ይለካል፣ በፒሲአር ማሽን ወደ 30 ዙር እየተባዛ ይበዛል፣ በመጨረሻም ቁርጥራጮቹ በርዝመታቸው ይለያሉ። በመደበኛ ላቦራቶሪ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን ነው፤ ፈጣን በሚባሉት ማሽኖች 90 ደቂቃ ያህል። ጋታካ ውስጥ ሠራተኛው በር ላይ ጣቱን ይወጋና ፎቶው ወዲያው ይመጣል፤ ስለ ሩቅ ጊዜ ፊልም ነውና ይሁን። የእናንተ ፊልም በ10 ዓመት ውስጥ የሚሆን ነገር ከሆነ ግን 90 ደቂቃውን ተዉልን። ሰው ኮሪደር ላይ 90 ደቂቃ ሲጠብቅ የሚሆነው ነገር በ1 ሰከንድ መብራት አይገኝም።

ጋታካን ከወደዳችሁት ይህችን ደግሞ ለፈገግታ ያህል ያዙ። ቪንሰንትን ያጋለጠው ግድያ የተፈጸመበት ቦታ አጠገብ የወደቀ የዓይኑ ሽፋሽፍት ነው። በራሱ የረገፈ፣ ሥሩ የሌለበት ፀጉር በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው። እሱም የአንድ እናት ልጆች ሁሉ ላይ አንድ ነው። መርማሪው ፖሊስ አንቶን ደግሞ የቪንሰንት ወንድም ነው። ላቦራቶሪው ሥራውን በትክክል ቢሠራ ኖሮ ተጠርጣሪው ራሱ መርማሪው ይሆን ነበር! ይህን ሴራ የሚፈልግ ካለ በነጻ ሰጥተናል።

ደም በምንጩ ተለይቶ የተጣለበትን የእስራኤሉን ጉዳይ ለማንሳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ አንባቢዎቻችን ውስጥ ሰልፉ ላይ የነበሩ አሉ። በጥር 1996 የእስራኤል የደም ባንክ ከቤተ እስራኤል የሚለገሰውን ደም ተቀብሎ በስውር ይጥል እንደነበር ማሪቭ ጋዜጣ አጋለጠ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጡ። የተሰጠው ምክንያት ኤችአይቪ ነበር፣ ዘረመል አልነበረም። አሠራሩን ግን እዩት፦ እያንዳንዱን ብልቃጥ መመርመር ሲቻል የሰጪው ምንጭ የምርመራ ምትክ ሆነ። በታኅሣሥ 2013ም በሦስት ዓመቷ ወደ እስራኤል የገባችው የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልትሰጥ ቀርባ ተመልሳለች። በአማርኛ የሚነገር የሳይንስ ልብ ወለድ ስለ ደም ሊሠራ ከሆነ፣ ከ1996ቱ የሚቀርብ መነሻ የለውም። ደሙ በፈገግታ ይወሰዳል፣ ብስኩትና ጭማቂ ይሰጣል፣ ሰውየው አመስግኖ ይወጣል፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ከረጢቱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። ፊልሙ ከከረጢቱ ጋር ይሂድ።

ሌላው ልንነግራችሁ የምንፈልገው ስለ ትንበያ ማሽኑ ነው። ቪንሰንት ሲወለድ ነርሷ ታነባለች፦ የነርቭ ችግር 60 በመቶ፣ የስሜት መዋዠቅ ሕመም 42 በመቶ፣ የትኩረት ችግር 89 በመቶ፣ የልብ ችግር 99 በመቶ፣ የሚጠበቅ ዕድሜ 30.2 ዓመት። ፊልሙ የሚፈራው ማሽን በስሌቱ ትክክል የሆነ፣ ሰው ግን በጥረቱ የሚያሸንፈው ማሽን ነው። በእውን እየተሠራ ያለው ማሽን ግን ለሁሉም እኩል አይሳሳትም። በርካታ ዘረመሎችን ደምሮ የበሽታ ዕድል የሚያሰላው ዘዴ የተገነባው በአብዛኛው በአውሮፓውያን ዲኤንኤ ላይ ነው። በ2019 ታትሞ በሰፊው የተጠቀሰ ትንተና እንዳሳየው ለእነዚህ ጥናቶች ናሙና ከሰጡት ሰዎች 79 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ምንጭ ያላቸው ነበሩ፤ የትንበያው ትክክለኛነትም የአፍሪካ ምንጭ ባላቸው ሰዎች ላይ በ4.5 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። ጥናቶቹ የሚይዙት ብዙ ጊዜ በሽታ አምጪውን ፊደል ራሱን ሳይሆን አጠገቡ ያለ ምልክት ነው፤ ምልክቱና ፊደሉ አብረው የሚወረሱበት ሁኔታ ደግሞ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። አፍሪካ ውስጥ የዘረመል ልዩነቱ ከየትም ይበልጣልና ምልክቱ እዚህ ሲመጣ መንገዱን ይስታል። እንግዲህ ተመሳሳይ ቁጥር ለአንድ ስዊድናዊና ለአንድ የጎንደር ሰው ሲነበብ ስክሪኑ ላይ እኩል ይመስላል፤ አንዱ ግምት ነው፣ ሌላው ግን ወደ ጨለማ የተወረወረ ድንጋይ። በዚያ ቁጥር ሥራና ኢንሹራንስ የሚከለከልበት ዓለም ዘርን እርግፍ አድርጎ የተወ ዓለም ሊሆን አይችልም።

የተገላቢጦሹም አለ። ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ዘረመል በጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን ያብላላል። በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ከዚህ ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው፤ ይህም ከአብዛኛው አውሮፓ እጅግ ይበልጣል። ኮዴይን የሚባለውን ማስታገሻ ሰውነታቸው በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው፣ ለሌላው ልከኛ የሆነው መጠን ለእነሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘረመል አይጠየቅ፣ አይመርመር የሚል ፊልምም ጎዶሎ ነው። ሐኪሙ እንዲያውቀው የምንፈልገው፣ ቀጣሪው እንዳያውቀው የምንፈልገው ያው አንድ ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት ከሐኪሙ ጠረጴዛ ወደ ቀጣሪው ጠረጴዛ የሚወስደው ማነው? ገጸ ባሕርያችሁ እዚያ መካከል ይቁም።

ነጣ ያለ ቆዳ ላዘዙት ወላጆችም አንድ ነገር እንበል። የቆዳ ቀለም የአንድ ቁልፍ ጉዳይ አይደለም። በአውሮፓውያን ዘንድ ከንጣት ጋር በእጅጉ የተያያዘው ኤስኤልሲ24ኤ5 የሚባለው ዘረመል ቅጂ፣ በ2017 በወጣ ጥናት መሠረት በተወሰኑ የኢትዮጵያና የታንዛኒያ ሕዝቦች ውስጥ ከ28 እስከ 50 በመቶ ድግግሞሽ አለው። ባለቤቶቹ ግን ነጮች አይደሉም፤ ቀለሙን የሚወስኑ ሌሎች ብዙ ዘረመሎች አሉና። እናም የዘር ምርጫ ክሊኒክ ስትጽፉ ሐኪሙ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሕፃን አያንጣ። ይልቅ ከ8 ወይም ከ10 ፅንስ መካከል መምረጥ ብቻ እንደሚችል፣ እዚያ ውስጥ የሌለውን ባሕርይ ከየትም እንደማያመጣ ለደንበኛው ሲያስረዳ፣ ደንበኛውም ለዚያ ለማይገኘው ነገር ገንዘብ ሲቆጥር አሳዩን።

ሕጉን በሚመለከት ጋታካ ከብዙ ፊልሞች ይሻላል። እዚያ አገር መድልዎው የተከለከለ ነው፤ ማንም ግን ሕጉን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ናሙናው ከበር እጀታ፣ ከመጨባበጥ፣ የማመልከቻ ፖስታ ላይ ካለ ምራቅ ይወሰዳል። የዘረመል መድልዎን የሚከለክለው የአሜሪካው ሕግ የወጣው ከፊልሙ 11 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2008 ነው። የጤና ኢንሹራንስንና ቅጥርን ይሸፍናል። የሕይወት ኢንሹራንስን፣ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤን አይሸፍንም፣ ከ15 በታች ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪም አይነካም። ከታወቁት ክሶቹ አንዱ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። አትላንታ አካባቢ አንድ የመጋዘን ድርጅት ዕቃ መካከል ማን እየተጸዳዳ እንደሆነ ለማወቅ የሁለት ሠራተኞችን ጉንጭ በጥጥ አስጠረገ። ሁለቱም አልነበሩም። በ2015 ዳኞች ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱላቸው። አስፈሪው የዘረመል መንግሥት በእውን ሲመጣ እንዲህ በተራ አለቃ እጅ፣ ለተራ ጉዳይ ነው የሚመጣው። ታሪኩን አዲስ አበባ ላይ የምታደርጉ ደግሞ ፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ እንደሚወስድ፣ ዲኤንኤ እንደማይወስድ ለዩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁም ቁጥር 1321/2016 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ገጸ ባሕርያችሁ ጠበቃ ከሆነች ቁጥሩን ታውቀዋለች።

ስለ ምሳሌያዊ አጻጻፍ አጭር ነገር። ዘርን በቀጥታ ላለመንካት ፍጡር ከሌላ ፕላኔት ማምጣት የተለመደ ነው። የ2009ኙ ዲስትሪክት 9 የኬፕታውንን ዲስትሪክት ሲክስ አስታውሶ፣ በአፓርታይድ ዘመን ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች የተፈናቀሉበትን ሠፈር ማለት ነው፣ በጆሃንስበርግ የታጎሩ መጻተኞችን አሳየ። ለመጻተኞቹ አዘንን። እዚያው ፊልም ውስጥ ያሉት ናይጄሪያውያን ግን ወንበዴና ሰው በላ ሆነው ቀረቡ፤ የናይጄሪያ የማስታወቂያ ሚኒስትር ዶራ አኩንዪሊ ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች እንዲወርድ የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው የዚህ ዘዴ ወጥመድ የተገለለው ወገን እውነተኛ አደገኛ ኃይል ሲሰጠው ነው። ሰው ዓይኑ እሳት ከተፋ ጎረቤቱ ቢፈራው ምን ይፈረድበታል? የተገለሉት ሰዎች የሚፈሩበት ምክንያት በእጃቸው የሌለ ይሁን።

ገንዘብ የለንም ለምትሉ፣ ሚጌል ልያንሶ በ2015 ያወጣው ክራምብስ ዳንኤል ታደሰን ይዞ በአማርኛ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ወደፊቱን የገነባው ባለው መልክዓ ምድርና በአሮጌ ዕቃ ነው። ላቦራቶሪ መሥራት ካለባችሁም ግድግዳውን ድብን ያለ ነጭ አትቀቡት። ካሜራው ለነጩ ግድግዳ መጋለጡን ሲያስተካክል ጠይም ፊት ይጨልማል፤ ተዋናያችሁ የገዛ ፊልማችሁ ውስጥ ጥላ ይሆናል። ፈዛዛ ግራጫ ቀቡ፣ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለኩ፣ ግድግዳውን ከፊቱ በአንድ ወይም በሁለት ስቶፕ (የካሜራ ብርሃን መለኪያ) አሳንሱ፣ ለቆዳው ሰፊና ለስላሳ ምንጭ ከጎን ስጡት።

በመጨረሻ የምንጠይቃችሁ ስክሪፕቱ ተዋናይ ሳይመደብለት፣ ገና በሁለተኛው ረቂቅ ላይ ሳለ፣ ለሁለት ሰው እንድታስነብቡት ነው፦ ፒሲአር ማሽን ለሚያንቀሳቅስ አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ እና ቤተሰቡን ለማምጣት ወይም ጥገኝነት ለማግኘት ጉንጩን ላስጠረገ አንድ ሰው። ለንባቡ ክፈሏቸው፣ ስማቸውንም ከፈቀዱ በመዝጊያው ላይ አስገቡ። ቴክኒሺያኑ ቢበዛ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጅበታል። ለሌላኛው ጊዜ ስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከዘረመል ላቦራቶሪና ከፊልም ጽሑፍ ሥራ የተሰባሰብን ጸሐፊዎች